ምዕራፍ ሰባት፦ ለሸሕዲ የሚቀርበው ሮም

የግሪክና የሮም ፍርስራሽ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ባሕር ተሻግሮ አቴናና ሮም ይደርሳል። ጎብኚ ጠዋት ከሆቴሉ ወጥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ዓምዱንና የተናደውን ግንብ ዞሮ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ማታ ተመልሶ ራቱን ይበላል። እንዲህ ያለው የአንድ ቀን ጉዞ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰው የሩቅ ሀገር ወሬ ይመስላል። ሆኖም ከሸሕዲ ለሚነሣ ሰው የሮም አሻራ ያረፈበትን ድንጋይ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። መንገዱ በመተማ ዮሐንስ ያልፋል።

በካርታ ላይ ማስመሪያ ቢያኖሩ ከሸሕዲ እስከ ናቃ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናቃ በሱዳን ከዓባይ በስተምሥራቅ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ በቀጥታ መስመር ከሸሕዲ ያላት ርቀት ሸሕዲ ከአዲስ አበባ ካላት ርቀት ብዙም አይበልጥም። ሜሮዌ ደግሞ ከናቃ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዓባይ ዳር ትገኛለች። መኪና የሚሄድበት መንገድ በእርግጥ ይረዝማል፤ መተማ ዮሐንስ፣ ገላባት፣ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ከዚያ ዓባይን ይዞ ወደ ሸንዲ ነው። ሰላም በነበረ ጊዜ ካርቱም ያደረ ጎብኚ ማለዳ ተነሥቶ ናቃንና አጠገቧ ያለችውን ሙሰወራትን አይቶ ሲመሽ ይመለስ ነበር። ዛሬ ያ መንገድ በጦርነት ተዘግቷል። በዚህ ምዕራፍ መንገዱን በንባብ እንሂድበት። የማነሣቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወንዙ እንጀምር። የመተማ ሰው ጓንግን ያውቀዋል። ከጭልጋ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በክረምት ደፍርሶና ሞልቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ድንበሩን ሲያልፍ አትባራ ይባላል። ሱዳን ውስጥ ተከዜ ይጨመርበትና ሁለቱ አንድ ሆነው አትባራ ከተማ ላይ ዓባይን ይቀላቀላሉ። ግሪኮች ይህን ወንዝ አስታቦራስ ብለው ጽፈውታል። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የነበረው የመልክዐ ምድር ሊቅ ስትራቦን በአስታቦራስና በዓባይ መካከል ያለውን ሀገር «የሜሮዌ ደሴት» ይለዋል፤ ቅርጹም እንደ ረጅም ጋሻ ነው ይላል። ደሴት ያሰኘው በወንዞች መከበቡ ነው። በዚህ አካፋፈል መተማና ቋራ በጓንግና በዓባይ መካከል ስለሚገኙ የዚያች ደሴት ራስጌ ይሆናሉ። ስትራቦን ራሱ ከአስዋን አካባቢ አላለፈም፤ ስለ ላይኛው ሀገር የጻፈው ከሌሎች ያገኘውን ነው። ያም ሆኖ የወንዞቹን አቀማመጥ ይህን ያህል አስተካክሎ መያዙ በዚያ ዘመን መንገዱ ሰው የሚመላለስበት እንደነበር ይመሰክራል።

ሜሮዌ የኩሽ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከከተማዋ ፍርስራሽ በስተምሥራቅ፣ በኮረብታዎቹ ጀርባ ላይ፣ ከግብፆቹ ያነሱና ጎናቸው ቀጥ ያለ ፒራሚዶች ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ጫፍ የላቸውም። በ1834 ጁሴፔ ፌርሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ወርቅ ፍለጋ መጥቶ ፒራሚድ አፍርሷል፤ የንግሥት አማኒሻኬቶን ጌጣጌጥም አውጥቶ ወስዷል። ያ ወርቅ ዛሬ በርሊንና ሙኒክ ሙዚየሞች ውስጥ ይታያል።

ሮም ወደዚህ ሀገር ታሪክ የገባችው ግብፅን በያዘች ማግስት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት ግብፅ የሮም ግዛት ሆነች፤ የኩሽና የሮም ድንበርም አስዋን ላይ ገጠመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በግብፅ ከነበረው የሮም ጦር ከፊሉ ወደ ዓረብ ምድር ሲዘምት ኩሾች ድንበሩ መሳሳቱን አዩ። አስዋንን፣ ኤሌፋንቲንንና ፊላን በድንገት መቱ፤ ሰው ማረኩ፤ የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶች ገነደሱ። የግብፁ ገዥ ጋይዮስ ፔትሮኒዮስ ጦር ይዞ ተከተላቸው፤ ናፓታ የምትባለውን ቅድስት ከተማቸውን አጠፋ። ኩሾችን ትመራ የነበረችውን ንግሥት ስትራቦን አንድ ዐይኗ የጠፋ፣ እንደ ወንድ የበረታች ሴት አድርጎ ይገልጻታል። ንግሥቲቱ ግን በዚህ አልተበገረችም። ነገሩ ያበቃው በእርቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ21 ወይም በ20 ዓመት መልእክተኞቿ ሳሞስ ደሴት ድረስ ሄደው ከአውግስጦስ ጋር ተነጋገሩ፤ ቄሣሩም የጣለባቸውን ግብር አነሣላቸው። የምናውቀው ዓለም ሁሉ እንዲቆጠር አዘዘ ተብሎ በገና ወንጌል ሲነበብ የምንሰማው አውግስጦስ፣ ለዚህች ሀገር ንግሥት የጠየቀችውን ሰጥቶ ሰዎቿን አሰናበተ።

የዚያ ወረራ ምርኮ ከ1,900 ዓመት በላይ ቆይቶ ተገኘ። በ1910 እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ጆን ጋርስታንግ ሜሮዌ ላይ ሲቆፍር፣ ከአንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ሥር፣ በንጹሕ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የነሐስ ራስ አወጣ። ቁመቱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰው ራስ ይበልጣል። ከአንገቱ ላይ ተሰብሯል። በግንባሩ ላይ የሚወርደው ጠጕር፣ ሰፋ ያለው ግንባር፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለው አንገት፣ ሁሉም አውግስጦስ መሆኑን ይናገራሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ዐይኑ ነው። ከጥንት የነሐስ ሐውልቶች የአብዛኞቹ ዐይን ወድቆ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል፤ የዚህ ግን ከብርጭቆና ከድንጋይ የተሠራው ዐይን እንዳለ ነው፣ አሁንም አሻቅቦ ያያል። ኩሾች ከደጃፍ ሥር የቀበሩት የገባና የወጣ ሁሉ በቄሣሩ ራስ ላይ እንዲረማመድ ነው። ያዋረዱት መስሏቸው ለታሪክ አቆዩት፤ ሮም ውስጥ የቆሙ ብዙ የነሐስ ሐውልቶች ቀልጠው ሳንቲምና ዕቃ ሲሆኑ ይህ ራስ በሜሮዌ አሸዋ ተጠብቆ ኖረ። ዛሬ ያለው ለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ የሚያውቀው ስም ያስታውሳል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ያጠመቀው ጃንደረባ የሕንደኬ ሹም ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጃንደረባው የእኛው ሰው ነው። የጥንት ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ሕንደኬ የሚለው በሜሮዌ ለነገሡ ሴቶችና ለንጉሥ እናቶች ይሰጥ የነበረ ማዕረግ መሆኑን ከሜሮዌ ድንጋዮች አንብበዋል። ፔትሮኒዮስን የተዋጋችውም በዚሁ ማዕረግ ትጠራ ነበር። በእኔ እምነት ይህ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ከኢየሩሳሌም እስከ ዓባይ ላይኛው ምድር ሰው በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ የሚመላለስበት ዘመን እንደነበር ማወቁ ይበልጣል።

ወደ ናቃ እንሂድ፤ ከዚህ ጉዞ ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው እዚያ ያለ አንድ ትንሽ ሕንፃ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ ለአንበሳው አምላክ ለአፔዴማክ ቤተ መቅደስ ሠርተው ነበር። በፊት ግንቡ ላይ ንጉሡ በአንድ ወገን፣ ንግሥቲቱ በሌላው፣ በእኩል ቁመት ቆመው ጠላት ሲመቱ ተቀርጸዋል። ንግሥቲቱ ደንዳና፣ ጥፍሯ የረዘመ፣ ሰይፍ የጨበጠች ናት። ከዚህ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የድንጋይ ቤት አለች። ጎብኚዎች «የሮማውያን ድንኳን» የሚል ስም አውጥተውላታል። በጎኗ ሲቆሙ መስኮቶቿ በሮም እንደተለመደው አናታቸው በቅስት የተጠጋጋ ነው፤ የግድግዳ ዓምዶቿ ጕልላት የግሪኮቹን የቆሮንቶስ ዓምድ አስመስሎ ቅጠል ተቀርጾበታል። ወደ በሩ ሲዞሩ ግን ከላይ ያለው ጉበን ግብፃዊ ነው፤ ክንፍ ያለው ፀሐይና ራሳቸውን ያቀኑ እባቦች በረድፍ ተቀርጸውበታል። የጠረበው ባለሙያ የሁለቱንም ሥራ ያየ፣ ሁለቱንም የወደደ ሰው ነው። አሠሪው ከሮምም ከግብፅም የወደደውን መርጦ ወስዶ የራሱን ቤት ሠራ። ቅኝ የተገዛ ሀገር እንዲህ አይመርጥም።

ከናቃ ብዙም ሳይርቅ ሙሰወራት አለች። ሰፊ ቅጥር፣ መተላለፊያና ግቢ ያላት ቦታ ናት፤ ዝሆን በግድግዳዋ ላይ ደጋግሞ ተቀርጿል፣ አንዱ ግንብ እንዲያውም መጨረሻው በዝሆን ቅርጽ ያልቃል። የዚያ ግድግዳ ድንጋይ ላይ አንድ እንግዳ በላቲን ጽፎ ነበር። ከሮም ከተማ መምጣቱን፣ የመጣበትን የሚያዝያ ወር ቀን፣ ለእመቤቲቱ ንግሥት የተመኘውን መልካም ዕድልና ረጅም ዘመን ይናገራል። ስሙን ዛሬ ያነበቡት ሊቃውንት አኩቱስ ይሉታል። እስካሁን ከታወቁት የላቲን የድንጋይ ጽሑፎች ሁሉ ወደ ደቡብ የራቀው ይህ ነው። በጥንታዊ ሕንፃ ላይ ስሙን ጽፎ የሚሄድ ጎብኚ ዛሬም አለ፤ ድርጊቱ የሚደገፍ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሰው ያስቀደመውን ልብ እንበል። የዓለም ጌታ ነኝ ከምትል ከተማ መጥቶ የጻፈው ለአገሬው ንግሥት መልካም ምኞት ነው።

በሜሮዌ ከተማ ውስጥ የሮማውያን መታጠቢያ የሚባል ሕንፃም አለ። ጋርስታንግ ያወጣው ትልቅ የውኃ ገንዳ ነው፤ ዙሪያው በቀለም በተቀቡ ሐውልቶች ያጌጠ ነበር፤ ከሐውልቶቹም በአፉ የሚነፋ የሸንበቆ ዋሽንት የያዘ ይገኝበታል። በቅርብ ዘመን ያጠኑት ሊቃውንት ገላ መታጠቢያ ሳይሆን ከዓባይ ሙላት ጋር የተያያዘ የሥርዓት ቦታ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው ሮም በዚህ ምድር እንግዳ ሆና እናገኛታለን። ኔሮ ቄሣር በ60ዎቹ መጀመሪያ የዓባይን ምንጭ ፈልጉ ብሎ የመቶ አለቆች ልኮ ነበር። ፈላስፋው ሴኔካ ከራሳቸው አንደበት ሰማሁ ብሎ እንደጻፈው፣ ወደ ላይ ያለፉት እርሱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ብሎ የሚጠራው፣ ማለትም የኩሹ ገዥ፣ ስለረዳቸውና ለጎረቤት ነገሥታት አደራ ስላለላቸው ነው። መጨረሻቸው ጀልባ የማያሳልፍ ሰፊ ረግረግ ሆነ። የሮም ወታደር በአገሬው ንጉሥ ፈቃድ መጣ፣ ሄደ። የተረፈን የተማረከ ራስ፣ የተወደደ የቅጠል ጌጥና የአንድ መንገደኛ ሰላምታ ነው።

ግሪክኛ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እኛ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የነጋዴ መመሪያ የቀይ ባሕርን ወደቦች ይዘረዝራል። ጸሐፊው አዱሊስን ሲገልጽ የአካባቢው ንጉሥ ዞስካሌስ ለገንዘቡ ጠንቃቃ፣ በተረፈ ግን መልካም ሰው፣ የግሪክኛ ጽሕፈትም የተማረ ነው ይላል። ከግብፅና ከሮም ምድር ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ነሐስ፣ ጥቂት የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ይገባል፤ ከዚህ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣል። ጥርሱ ከየት እንደሚመጣም ይነግረናል፦ ከዓባይ ማዶ፣ ኪዬኔዮን በሚባል ሀገር በኩል፣ ወደ አክሱም፤ ከአክሱም ወደ አዱሊስ። ይህ ሀገር የዛሬው ስናር አካባቢ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እንዲህ ከሆነ የሮም ባለጸጋ አልጋውን ያስጌጠበት ጥርስ ከጓንግና ከሽንፋ ወንዞች ብዙ ባልራቀ ቆላ ተጭኖ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

አክሱም ከዚህ ንግድ በለጸገች። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ የወርቅ ሳንቲም ሲያሳትም ጽሑፉን በግሪክኛ አደረገው፤ ምክንያቱም ወርቁ የሚሄደው ግሪክኛ ወደሚነበብበት ገበያ ነበር። ኢዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን ድሉን በድንጋይ ሲያጽፍም እንዲሁ አደረገ። አክሱም የሄደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ገበሬዎች ያገኙትን የኢዛናን ድንጋይ በትንሽ ቤት ውስጥ ያየዋል። በአንድ ወገን ግሪክኛ፣ በሌላው ግዕዝ በሳባ ፊደልና በራሱ ፊደል ተጽፏል። የግሪክኛውን መስመር በጣት ቢከተሉት ቃልና ቃል ሳይለያይ ተያይዞ ይሄዳል፤ አንባቢው ራሱ መለየት አለበት። የሚናገረው ቤጃዎችን ስለቀጣበት ጦርነት ነው፤ በግሪክኛው አሬስ የተባለው አምላክ በግዕዙ ማሕረም ነው።

ከኢዛና ጽሑፎች ለሸሕዲ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ግን ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ያጻፈው ነው። ኖባዎች አመፁ፣ መልእክተኞቹን ዘረፉ፣ ተከዜን አይሻገርም ብለው ታበዩ። ኢዛና ከማልኬ በሚባለው መሻገሪያ ተዋጋቸው። ሸሹ፤ እርሱ 23 ቀን ተከተላቸው። የግንብና የሣር ከተሞቻቸውን አቃጠለ፤ ሠራዊቱም እህላቸውን፣ ነሐሳቸውንና ብረታቸውን ወሰደ፤ የእህልና የጥጥ ክምችታቸውን አጥፍቶ ሴዳ ወደሚለው ወንዝ፣ ማለትም ወደ ዓባይ ጣለው። ከዚያ ካሱ ደረሰ፤ ይህ ኩሽ ነው። በሴዳና በተከዜ መገናኛ ዙፋን አቆመ። የጦሩን ክፍሎችም ሴዳን ሽቅብና ቁልቁል ላካቸው፤ የግንብ ከተሞቹን አልዋንና ዳሮን መቱ። ጥጡን ልብ ይሏል። ያኔ የጠፋው የጥጥ ክምር የነበረበት ሜዳ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ የሚደርሰው ዛሬ ጥጥና ሰሊጥ በሚዘራበት በገዳሪፍና በመተማ ጥቁር አፈር ነው። ከ1,600 ዓመት በላይ ያለፈበት ድንጋይ የቆላውን ሀብት ልክ የዛሬ ነጋዴ እንደሚቆጥረው ቆጥሮታል።

አክሱማውያን ሜሮዌ መግባታቸውን የሜሮዌ አፈር ራሱ አረጋግጧል። እዚያ ከተገኙት ድንጋዮች በግሪክኛ የተጻፈ የድል ጽሑፍ ስባሪ አለ፤ በ1909 ታትሞ ታወቀ። የንጉሡ ስም ከተሰበረው ወገን ጋር ጠፍቷል፤ «የአክሱማውያንና የሒምያራውያን» የሚለውና የአሬስ ስም ግን ይነበባሉ። ሌላም ስባሪ ቆይቶ ተገኝቷል፤ የአክሱም የመዳብ ሳንቲምም ወጥቷል። በኩሽ መናገሻ ላይ በግሪክኛ ድሉን ያወጀው ንጉሥ ከአቴናም ከእስክንድርያም አልመጣም፤ የመጣው ከአክሱም ነው። ግሪክኛ ለእርሱ ዓለም የሚያነበው የመንግሥት ቋንቋ ነበር። በአቴና ፍርስራሽ ሥር የሚቆም ኢትዮጵያዊ የሰው ታሪክ ያያል። ሜሮዌ ላይ የሚቆም ግን በግሪክ ፊደል የተጻፈ የራሱን ታሪክ ያያል፤ ከነደም ዕዳው።

ሜሮዌ ከጠፋች በኋላ ስፍራዋ ተረስቶ ነበር። መልሶ ያስታወሳት መንገደኛ የመጣው ደግሞ ከጎንደር ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በቤተ መንግሥቱ ተወድዶ፣ በዛሬው መተማ አካባቢ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው የጠረፍ ግዛት ላይ ሹመት ተቀብሎ ነበር። በ1771 መጨረሻ ወደ ሀገሩ ሲመለስ በዚሁ ቆላ ወረደ፤ ታምሞ ወራት ተኛ። በ1772 በስናር በኩል ሸንዲ አካባቢ ሲደርስ የተሰባበረ የሐውልት መቆሚያና የድንጋይ ክምር አየ። ጥንታዊቱ ሜሮዌ ይህች ሳትሆን አትቀርም ብሎ ጻፈ። ግምቱ ትክክል እንደነበር በ1821 ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ ፍርስራሹን ለክቶና ስሎ ባሳየ ጊዜ ታወቀ። ብሩስን በእርሱ ሀገር ብዙዎች ዋሾ ብለውት ነበር፤ የጎንደርንና የቆላውን መንገድ በተመለከተ ግን ዐይኑ ጥሩ ነበር።

በዚያ መንገድ ያለፈውን ሐዘንም መዝለል አይገባም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፣ ሞቱም፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። የጠላትን ገዥ ራስ ይዞ መሄድ በዓባይ ሸለቆ በአውግስጦስ ሐውልትም የታየ የድል ምልክት ነው። የነሐሱ ራስ ሙዚየም አግኝቶ ተከብሮ ተቀምጧል። የሀገራችን ንጉሥ የወደቁበት ሜዳ ለሸሕዲ ሰው በእርግጥ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታይ ነው፤ ሆኖም ለመጣ እንግዳ ታሪኩን በቦታው ላይ የሚያስረዳ በቂ ዝግጅት ሊኖረው ይገባል።

አሁን ያለንበት ጊዜ አስጊ ነው። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰዎችን በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ምዕራብ ጎንደር አሰድዷል። ከናቃ፣ ከሜሮዌና ከመላው ሱዳን የተሰበሰበው ቅርስ የነበረበት የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ዩኔስኮ በመስከረም 2017 ዓ.ም. መግቢያ ማንም ሰው የሱዳንን ቅርስ እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ለዓለም ሁሉ ጥሪ አድርጓል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የሜሮዌ ደሴት ፍርስራሾች የገቡት በ2011 ነው፤ መዝገብ ግን ሌባን አያቆምም። የሚያቆመው በየጠረፉ ያለ ሰው ነው።

የቆላው ምድር ራሱም ባዶ አይደለም። በሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንፋ-መተማ 1 ከተባለው ስፍራ የተገኘውን ተመራማሪዎች በ2024 በኔቸር መጽሔት አሳውቀዋል፤ የሱማትራው ቶባ እሳተ ገሞራ ከ74,000 ዓመት በፊት በፈነዳ ጊዜ ሰዎች እዚያ ዓሣ እያጠመዱ፣ እያደኑ ይኖሩ ነበር፤ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶቻቸውም የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህ ከሮምም ከሜሮዌም እጅግ የቀደመ ነው፤ የተገኘውም የመተማ ሰው በየቀኑ በሚረግጠው አፈር ላይ ነው።

ስለዚህ በሸሕዲ፣ በመተማ ዮሐንስና በቋራ ለሚያነበኝ ሰው የምለው አለኝ። ግድግዳው እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳና ሥዕል የተሣለበት የሸክላ ዋንጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ዶቃና ክታብ፣ የማይታወቅ ጽሕፈት የተቀረጸበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የነሐስ ትንሽ ምስል፣ እነዚህን በገበያ ላይ ወይም በጭነት መካከል ካዩ የአንድ ሕዝብ ንብረት መሆናቸውን ይጠርጥሩ። አይግዙ። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለጠረፍ ጉምሩክ ያስታውቁ። ትራክተር በእርሻዎ ላይ ያልተለመደ ድንጋይ ወይም ሸክላ ቢያወጣ እዚያው ያቁሙትና ይናገሩ፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ለመምህራን ደግሞ፣ ተማሪዎቻችሁ ስለ ግሪክና ሮም ሲማሩ ካርታውን አቴና ላይ አትጨርሱት፤ ጓንግን ይዛችሁ እስከ አትባራ ውረዱ፣ ሜሮዌ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ያሳዩ። መንገዱ በሰላም ሲከፈት ቀድመው የሚሄዱበት እነርሱ ይሁኑ።